ዐፄ ምኒልክና የተናቀው እጅ

ማለዳ መርካቶ የገባ ሰው፥ አዲስ አበባ በማን እጅ እንደምትለብስና በማን እጅ እንደምታበስል ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አያሻውም። በምን አለሽ ተራ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ምድጃና መጥበሻ ይሆናል። በድር ተራ ሸማኔው ክሩን በጣቱ እየዳሰሰ በዋጋ ይከራከራል። ከቀጨኔ በሴቶች ጀርባ ወርዶ የመጣው ጀበናና ምጣድ ገዥውን ይጠብቃል። ሸማ ተራ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በእሳት በተጎዳ ጊዜ ያዘነው ባለ ሱቁ ብቻ አልነበረም፤ ለዓመት በዓልም፥ ለሠርግም፥ ለክርስትናም የሚለበሰውን ነጭ ልብስ ስንቱ ቤተሰብ ከዚያ ሲገዛ ኖሯልና።

ዕቃው የተወደደውን ያህል ግን ሠሪው አልተወደደም። ጀበናውን በደስታ ገዝቶ የሄደ ሰው፥ ልጁ የጀበና ሠሪዋን ልጅ ላግባ ባለው ቀን ፊቱ ይለወጣል። ይህ ነገር ከመርካቶ ይልቅ ያረጀ ነው። ውድ አንባብያን፥ በዚህ እትም የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ሕይወት ለመተረክ የተነሣነው ስለዚሁ ነው። ስለ ዐድዋው ድል፥ ስለ ስልኩና ስለ ባቡሩ ብዙ ተጽፏል፤ እነዚያን እዚህ መድገም አያስፈልገንም። እኛ የምንከተለው አንድ ክር ብቻ ነው። እኒህ ንጉሥ የሠራተኛን እጅ ከሚንቀው ልማድ ጋር እንዴት እንደ ታገሉ፥ የት ድረስ እንደ ተሳካላቸው፥ የትስ ላይ እንደ ቆሙ ለማየት እንሞክራለን።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፥ በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ግን ከትልቅ ቤት የተወለዱ አልነበሩም፤ በቤተ መንግሥቱ ያገለግሉ ከነበሩት ሴቶች አንዷ እንደ ነበሩ ይተረካል። በዚያን ዘመን የሰው ክብር በአባቱም በእናቱም አጥንት ይቆጠር ስለ ነበር፥ ከአገልጋይ የተወለደ ልጅ ነጋሢ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግን ሕፃኑን ተቀበሉት፤ ምኒልክ የተባለውን ታላቅ ስም ያወጡለትም እርሳቸው ናቸው። ስለ እናታቸው ትውልድ ከጀርባቸው የሚንሾካሾከውን ልዑሉ በልጅነታቸው ሰምተው እንደ ሆነ ማንም የጻፈው የለም። እኛ ግን በዚያ ግቢ ያደገ ልጅ ይህን ሳይሰማ አደገ ብለን ማመን ይከብደናል።

ዕድሜያቸው 11 ዓመት ሲሆን፥ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ። ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ሞቱ፤ ልጃቸውም ተማርከው ወደ ሰሜን ተወሰዱ። በመቅደላ ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጃቸው አሳደጓቸው፤ ሴት ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባሉ የተሰደቡ ሰው ነበሩ። እናታቸው በችግራቸው ጊዜ ኮሶ ሸጠው እንጀራ በመብላታቸው፥ ልጁ ከነገሠ በኋላም ስድቡ አልለቀቀውም። ወጣቱ ምኒልክ ከእኒህ ንጉሥ ሁለት ነገር ሳያዩ አልቀሩም፤ አንደኛው የሰው ምላስ ዘውድ የጫነን እንኳ እንደማይምር ነው። ሁለተኛውም ጥበብ ለሚያውቅ እጅ የሚሰጥ ክብር ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከባሕር ማዶ የመጡ አንጥረኞችንና ሠራተኞችን ሰብስበው ያሠሩ፥ ከመኳንንቶቻቸውም ባላነሰ ያቀርቧቸው ነበርና።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና ንጉሥ ተባሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሕዝባችን አባ መስያስ የሚላቸው ካፑቺኑ ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ ወደ እርሳቸው ዘንድ መጡ። የእኚህን አባት ታሪክ ምእመኖቻችን ስለሚያውቁት አናስረዝመውም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን፥ ንጉሡ ጳጳሱን ለምክርም ለወዳጅነትም ማቅረባቸው፥ ጳጳሱም ከስብከታቸው ጋር ፈንጣጣን በክትባት ይከላከሉ የነበሩ፥ የታመመ ሰው ገላ በገዛ እጃቸው የሚነኩ ሰው መሆናቸው ነው። ትልቅ ሰው በእጁ ሲሠራ ማየት በዚያን ዘመን በሸዋ ቤተ መንግሥት የተለመደ አልነበረም። አባ መስያስ በ1872 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ በኢትዮጵያ ስላሳለፏቸው 35 ዓመታትም 12 ጥራዝ ጽፈው አለፉ።

አባ መስያስ ከመውጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ወጣቱ የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ መጣ። ንጉሡ አስቀድመው ያዘዙት ጫማ እንዲሠራላቸው ነበር ይባላል። ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት። ጠመንጃው አያስደንቅም። ጫማው ግን ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ቆዳ የሚፍቅና ጫማ የሚሰፋ ሰው በአገሩ ከተናቁት ሁሉ የተናቀ ነበርና። ንጉሡ ስለ ጫማው ሲያዝዙ የአገሩን ፋቂ አስበው ይሁን አይሁን አናውቅም። የተፈታውን ዕቃ ሁሉ፥ ሰዓቱንም ጠመንጃውንም፥ ውስጡን ሳያዩ የማያልፉ ሰው መሆናቸውን ግን በዘመኑ ያዩአቸው ሁሉ መስክረዋል።

እዚህ ላይ ንቀቱ ከምን እንደ መጣ ጥቂት ማለት ይገባናል። በአገራችን ክብር ያለው ሰው ርስት ያለው፥ በሬ የሚጠምድ ወይም ጦር የሚሰብቅ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የምትሠራው፥ ቆዳ የሚፍቀው፥ ሸማ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ርስት አልነበረውም፤ ከሰው መሬት ዳር ተጠግቶ ይኖር ነበር። ርስት የለውምና ባዕድ ነው ተባለ፤ ባዕድ ነውና ይፈራል ተባለ። ከእሳት ጋር የሚሠራውን ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል፥ ሰውን በዓይኑ ይበላል ተባለ። ጠቢብ ማለት በግእዙ ብልህና አዋቂ ማለት ነው፤ ሕዝቡ ግን ቃሉን ጠይብ ብሎ አጥፎ ስድብ አደረገው። አንድ ቋንቋ የአዋቂነትን ስም መልሶ ስድብ ሲያደርግ ማየት የሚያሳዝን ነው።

የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ገበሬው ማረሻውን፥ ወታደሩ ጎራዴውን፥ ቤተ ክርስቲያን መስቀሏንና ጸናጽሏን የምታገኘው ከዚሁ ከተናቀው እጅ ነበር። ወንጌሉ የተጻፈበት ብራና ሳይፋቅ ብራና አልሆነም። ታዲያ ሁሉም እየፈለገው ሁሉም እንዴት ናቀው? ብዙ ሰው በልቡ ጎረቤቱ አንጥረኛ ክፉ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር ብለን እናስባለን። አብሮት ቢበላ፥ ልጁን ቢድርለት፥ ሌሎቹ ምን ይሉኛል የሚለው ፍርሃት ግን ይዞታል። ሌሎቹም እርሱን ይፈሩ ነበር። ይሉኝታ የምንለው ይህ ነው። ይሉኝታ መልካም ልጅ ያሳድጋል፥ ሰውን ከነውር ይጠብቃል፤ ነገር ግን ማንም ለብቻው የማያምንበትን ክፉ ሥራ ሁሉም በአንድነት እንዲሠራው የሚያደርግም እርሱ ነው። የናዝሬት ሰዎች በምኩራባቸው የተናገረውን ጌታ የጸራቢ ልጅ አይደለምን ብለው ባጣጣሉት ጊዜ ያሰናከላቸው ትምህርቱ ሳይሆን የሙያው ስም እንደ ነበር መምህራን ለተማሪዎቻችሁ ደጋግማችሁ ነግራችኋል።

ዐፄ ምኒልክ ይሉኝታን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የገጠሙት በክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው የከብት በሽታ በአገሩ ላይ ተዛመተ። በሬ አለቀ፤ ዝናቡም ተዛባ፤ አንበጣውና ተምቹ ተከተሉ። ይህ ረኃብ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። በዚህ መካከል፥ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፥ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ የነገሡት በሚራብ አገር ላይ ነበር። መሬቱ አልጠፋም፥ ዘሩም በየስፍራው ጥቂት አልታጣም፤ የጠፋው የሚጠመደው በሬ ነበር። መሬትን በዶማና በመቈፈሪያ መቈፈር ይቻል ነበር። ነገር ግን ያለ በሬ በእጅ መቈፈር የባሪያ ሥራ ነው ተብሎ የተናቀ በመሆኑ፥ ጨዋ ነኝ የሚለው ሁሉ እየተራበ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሰው ከልማዱ ከሚወጣ ሞቱን የሚመርጥበት ጊዜ እንዳለ የዚያን ዘመን ታሪክ ያሳየናል።

ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ዐዋጅ ብቻ አላወጁም። መቈፈሪያ ይዘው ወደ እርሻ ወረዱና በገዛ እጃቸው ቈፈሩ። መኳንንቱም ንጉሡ ቆመው ሲቈፍሩ መቀመጥ አልቻሉምና ካባቸውን አውልቀው ተከተሉ፤ ወታደሩም መኳንንቱን አይቶ ተከተለ። ትላንት ዶማ መያዝ የሚያሳፍረው ሰው፥ ዛሬ ዶማ አለመያዝ አሳፈረው። እኛ የዐፄ ምኒልክን ታሪክ ስናነብ ከሁሉ የበለጠ የምናደንቀው ይህን ቀን ነው። ይሉኝታን በስብከት አልነቀሉትም፤ አቅጣጫውን ግን አዞሩት። በቤተ ክርስቲያን ሕንፃና በመንገድ ሥራ ላይም ድንጋይ እየተሸከሙ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ንጉሥ የተሸከመውን ድንጋይ እኔ አልሸከምም የሚል መኰንን አልተገኘም። የክፉ ቀን ረኃብ ገና ሳያልፍ፥ እ.ኤ.አ. በ1891 በግንቦት ወር፥ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ስለ ሠራተኞች መብትና ስለ ሥራ ክቡርነት ዝነኛውን መልእክታቸውን በሮም አወጡ። ሁለቱ ነገሮች አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ የተደረጉ ናቸው፤ በአንድ ዘመን መዋላቸው ግን ደስ ይላል።

አዲስ አበባ ስትመሠረትና ቤተ መንግሥቱ ሲሠራ ብዙ ጥበበኛ እጅ ተፈለገ። ከህንድ አናጢና ግንበኛ፥ ከአርመን ወርቅ ሠሪ፥ ከግሪክም ከሌላም አገር ሠራተኛ መጣ። እነዚህ ተከበሩ፤ ገንዘብም ተከፈላቸው፤ ከመኳንንቱም ጋር ተቀመጡ። ከሰሜን ሸዋ የመጡት የአገሩ አንጥረኞች፥ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ ከእንጦጦ ሥር በቀጨኔ ሰፈሩ። ወንዶቹ ይሸምኑ፥ ይቀጠቅጡ ነበር፤ ሴቶቹም ሸክላ ይሠሩ ነበር። እነርሱን ግን ሰው በቡዳነት ይጠረጥራቸው ነበር። ያው ብረት፥ ያው መዶሻ፥ አንዱ መሐንዲስ ሲባል ሌላው ጠይብ ይባላል። ሙያው ንቀትን የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ የውጭውም ሰው በተናቀ ነበር። ንቀቱ በሥራው ላይ ሳይሆን በትውልዱ ላይ የተለጠፈ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ እኛ አላገኘንም።

ዐፄ ምኒልክ ይህን አይተውታል ብለን የምንደፍረው ከዚህ በኋላ ባደረጉት ነው። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን ስለ ሥራው የሚሰድበውን ሁሉ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። የዐዋጁን ቃል እዚህ አንገለብጥም፤ አሳቡ ግን እንዲህ ነው። አገራችን ጥበብ ያጣችው ጥበበኛ ስለሌላት ሳይሆን ጥበበኛውን ስለምትሰድበው ነው። አንጥረኛውን ጠይብ፥ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፥ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ ሲሰድቡት ሙያውን ጥሎ ይሸሻል፤ ልጁንም አያስተምረውም፤ ያን ጊዜ ማረሻና ልብስ የሚሠራ ይጠፋል። የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን የወጣ ስለ ሆነ አንዱ ሌላውን በትውልዱ የሚሰድብበት ምክንያት የለውም። ከእንግዲህ ሠራተኛን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል፤ ጥፋቱ የተመሰከረበትም አንድ ዓመት ይታሠራል።

ንጉሡ ስድቡን ወደ ራሳቸው ማዞራቸው ታላቅ ብልሃት ነው። በእርሻው ላይ ሥራውን በእጃቸው እንደ ወሰዱት፥ በዐዋጁም ስድቡን በራሳቸው ላይ ወሰዱት። ምናልባትም እናታቸውን አስበው ይሆናል፤ ይህ የእኛ ግምት ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ሰጡ። ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ቤተ መንግሥት የገቡ፥ በብልህነታቸውና በፍርድ ዐዋቂነታቸው ያደጉ የጨቦ ሰው ነበሩ። እስከ ዛሬ ከመርካቶ ብዙ የማይርቀው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በስማቸው ይጠራል። ነገር ግን አንድ ሰው ከዝቅታ ቢነሣ፥ ሕዝቡ እርሱ ልዩ ነው ብሎ ያልፈዋል እንጂ የቀሩትን ወንድሞቹን አያነሣም። ከምርኮ የተነሡት ታላቅ ሰው ጦሩን ሲመሩ፥ ሌሎቹ ምርኮኞች በየቤቱ እንጨት ፈላጭና ውኃ ቀጂ እንደ ሆኑ ነበሩ።

የዐፄ ምኒልክን ሕይወት ስንተርክ ይህን መዝለል አይገባንም። ወደ ደቡብ ባደረጉት ዘመቻ፥ በተለይም በ1887 ዓ.ም. በወላይታ በሆነው ጦርነት፥ እጅግ ብዙ ሰው አልቋል፤ ብዙውም ተማርኮ ተነድቷል። የባሪያ ንግድ የሚከለክል ትእዛዝ ቢሰጡም ባርነት በዘመናቸው አልቀረም፤ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ከእርሳቸው ሞት በኋላ ብዙ ቆይቶ፥ በ1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የሚደነቅ ጥበብ ያለው የዶርዜ ሸማኔም ወደ አዲስ አበባ መምጣት የጀመረው አገሩ በዚያ ዘመቻ ከተያዘ በኋላ ነው። ሸማኔውን አትስደቡ ያለው ዐዋጅና ሸማኔውን ከአገሩ ያስወጣው ዘመቻ የአንድ ንጉሥ ሥራዎች ናቸው። የሚወዷቸው ዐዋጁን ብቻ፥ የሚጠሏቸው ዘመቻውን ብቻ ሲያነሡ እንሰማለን፤ እኛ ሁለቱንም አንድ ላይ ጽፈናል።

ዐዋጁ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ታመሙ፤ ሕመሙም አንደበታቸውንና እጃቸውን ያዘው። መቈፈሪያ ይዞ ይሉኝታን ያዞረው ያ እጅ ዳግመኛ አልተነሣም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ለብዙ ጊዜ ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። ዐፅማቸው ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሯት በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ይገኛል።

ዐዋጁስ ምን ሆነ? ዐዋጅ ምላስን ሊያሥር ይችላል። የተሰደበ ሰው ምስክር ቆጥሮ ሰዳቢውን ይከስሳል። ነገር ግን ስድብ ሳይናገር ማዕዱን የሚያነሣውን፥ ጽዋውን የሚለየውን፥ ልጁን የሚከለክለውን ማን ይከስሰዋል? ንቀቱ ከአደባባይ ወደ ቤት ገባ። በጉራጌ አገር ፉጋ የሚባሉት ጠራቢዎችና ሸክላ ሠሪዎች የሰውን ቤት ምሰሶ አቁመው ሲጨርሱ፥ ቤቱ ካለቀ በኋላ በደጁ እንዳይገቡ ይከለከሉ ነበር። በከፋ ማንጆ የተባሉት ወገኖች ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ልማዱ ከለከላቸው፤ ይህም እስከ ቅርብ ዓመታት ዘልቋል። ከእነዚህ ወገኖች ብዙዎቹ ወንጌልን ተቀብለው በየቤተ ክርስቲያኑ ገቡ። ከሌላው ጋር በአንድ መቀመጫ ላይ መቀመጥ ግን ከመጠመቅ ይልቅ የከበደበት ስፍራ መኖሩን መካድ አንችልም።

መርካቶ ራሱ የተወለደበት መንገድ ለዚህ ታሪክ የራሱን ምዕራፍ ይጨምርለታል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ከተማዋን በዘር ከፈላት፤ አራዳ ለነጮች፥ ወደ ምዕራብ ያለው ስፍራ ለአገሬው ሰው እንዲሆን ወሰነ። ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደዚያ ሄደ፤ አዲስ ከተማ የሚለው ስምና መርካቶ የሚለው የጣልያንኛ ቃል በዚያው ቀሩ። በ1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ነጭና ጥቁር እንደ ባልና ሚስት አብረው እንዳይኖሩ ከለከለ። ያን ጊዜ ባለ ርስቱም፥ ፋቂውም፥ የመኰንኑ ልጅም፥ የጠይቡ ልጅም በአንድ ስም ተጠሩ፥ ወደ አንድ ሰፈርም ተገፉ። አጥንቱን ሲቆጥር የኖረ ሰው፥ አጥንቱን ጨርሶ የማይጠይቅ የሌላ ሰው ንቀት ደረሰበት። ከዚህ ትምህርት ይገኛል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ግን አጥንት ቆጠራውም አብሮ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ሕግ ብዙ ነው። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ርስት ላልነበረው የእጅ ሠራተኛም መሬት እንዲደርሰው ፈቀደ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደ ሆኑ ደነገገ። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፥ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ውሳኔ፥ የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል በሜይ 1 ቀን ታከብራለች። በየቁምስናችን በዚህ በዓል ስለ ዮሴፍ መጋዝና መዶሻ እንሰብካለን። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን፥ የሚያጭደው መዶሻና የሚቀጠቀጠው ብረት በመርካቶ ሲሆን፥ ስሙ ሌላ ይሆናል።

ይህን ለሌሎች ብቻ አንጽፈውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምናገለግልባቸው ቁምስናዎች በአንዱ ሁለት ወጣቶች ለምሥጢረ ተክሊል ይዘጋጁ ነበር፤ ሁለቱም ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምራሉ። የልጅቷ እናት ሸክላ ሠርታ መርካቶ በመሸጥ እንዳሳደገቻት የወንዱ ቤተሰብ ሲሰማ ነገሩ ተቋረጠ። ሽማግሌዎች ስንሆን ሄደን አነጋገርናቸው። አባትየው በበኩላቸው ምንም ቅር እንዳላላቸው ነገር ግን ወንድማቸው እንደማይቀበሉ ነገሩን። ወንድምየው ደግሞ እርሳቸው ዘመናዊ ሰው እንደ ሆኑ፥ የዕድር ጎረቤቶች ግን እንደሚያወሩ አስረዱን። እናትየው ልጅቷን እንደሚወዷት ምለው፥ በገጠር ያሉት የባላቸው ታላቅ እኅት ይህን ቢሰሙ እንደሚሞቱ አለቀሱ። በዚያ ቤት ይህን ጋብቻ ራሱ እንደማይፈልግ የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። እኛም ቡናው እስኪያልቅ ተቀምጠን፥ ሦስተኛውን ስኒ ጠጥተን፥ ይህን ሳንነግራቸው ወጣን። የቤቱን ሰው ማስቀየም ከብዶን ነበር። ቡናው የተቀዳው ከመርካቶ በተገዛ ጀበና ነበር።

ወጣቶቹ ከአንድ ዓመት በኋላ በሌላ ቁምስና ተጋቡ። ከሙሽራው ወገን የመጡት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከአራቱ አንዷ፥ ነጭ ነጠላ ለብሰው፥ ከገጠር ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጕዘው የደረሱት አክስት ነበሩ፤ የሙሽራዪቱን እናት አጠገባቸው አስቀምጠው በአንድ መሶብ ሲጎራረሱ አየናቸው።